መተማ ወስዳችሁን መተማን አላሳያችሁንም

ለጉዞ አዘጋጆቹ፣
ደሴ

ሰላም ናችሁ? በጥር ከፒያሳ አሳፍራችሁን በጎንደር በኩል መተማ ዮሐንስ ስለሄድነው ጉዞ ነው የምጽፍላችሁ። ልተወው ብዬ ነበር፤ ለሚቀጥለው ዙር ሰው እየመዘገባችሁ መሆኑን ስሰማ ግን አላስቻለኝም።

ማስታወቂያችሁ «አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወደቁበትን ስፍራ ከአካባቢው አስጎብኚ ጋር» ይላል። የከፈልነው ለዚህ ነው። ያየነው ግን የመተማን ገበያ በመኪና መስኮት ነው። ቆላ ነው፣ ፀሐዩ አይቻልም፣ ከጎንደር በሌሊት እንውጣ ብለን ለምነን ነበር። ሾፌሩ ቁርስ ሲል፣ ነዳጅ ሲል፣ ሸኸዲ ላይ ደግሞ የራሱን ዕቃ ሲጭን ሰዓቱ ሄደ። ስንደርስ ረዳቱ በሩን ይዞ «ሃያ ደቂቃ ብቻ!» ይጮህብናል። ከድልድዩ ማዶ ገላባት ነው፣ ሱዳን። ቆም ብለን እንኳ አላየነውም።

የሰዓቱስ ይሁን። ያንገበገበኝ አስጎብኚያችሁ ነው። የአካባቢው ሰው አይደለም። ማይኩን ይዞ «ንጉሡ እጄን አልሰጥም ብለው ሽጉጣቸውን የጠጡት እዚህ ነው» አለን። ለወሎ ሰው! እሱ አፄ ቴዎድሮስ ናቸው፣ ቦታው መቅደላ ነው፣ እዚሁ እኛው ጋ፣ በ1860 ዓ.ም.። አፄ ዮሐንስ ደርቡሾች፣ የሱዳን የመሐዲ ተዋጊዎች፣ በ1880 ጎንደርን ስላቃጠሉ ዘምተው፣ በመጋቢት 1881 ድሉ ወደ እሳቸው ባጋደለበት ሰዓት በጥይት ተመትተው ነው የሞቱት። ሠራዊቱ አስከሬናቸውን ይዞ ሲመለስ ደርቡሾች ደርሰውበት አንገታቸውን ቆርጠው ኦምዱርማን ወሰዱት። እዚያ ቦታ ላይ ቆሞ ይህን አለማወቅ ምን ይባላል?

አብረውን የነበሩ አንድ የቦሩ ሜዳ አዛውንት ሲያርሙት «አባባ፣ ዞሮ ዞሮ ሁለቱም ለአገር ነው የሞቱት» ብሎ ማይኩን አጠፋባቸው። እኚህ ሰው ንጉሡ በ1870 ጉባኤ ባደረጉበት ቀዬ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ የሞቱበትን ሳላይ አልሙት ብለው ነው በዚያ ዕድሜያቸው ያን ሁሉ መንገድ የተጓዙት። እርግጥ ሙስሊሙ ክርስትና ይቀበል ያለውን የጉባኤውን የሃይማኖት አዋጅ ያልረሳ ቤት ወሎ ውስጥ ብዙ ነው፣ ስለ ንጉሡ ሁላችንም አንድ ስሜት የለንም። ታሪኩን በትክክል መስማት ግን ሁላችንም እንፈልጋለን።

ስለዚህ ለአስጎብኚ ብላችሁ የተቀበላችሁትን ለሁላችንም መልሱ፤ ለአዛውንቱ ደግሞ ደውላችሁ ይቅርታ ጠይቁ። ለሚቀጥለው ጉዞ ታሪኩን የሚያውቅ የመተማ ልጅ ቅጠሩ፣ ከጎንደር ሌሊት 11 ሰዓት ውጡ፣ ቢያንስ ግማሽ ቀን እዚያ ቆዩ። ይህን ካልቻላችሁ ማስታወቂያውን አንሱት። መልሳችሁን በዚህ ሳምንት እጠብቃለሁ።

ከተጓዦቹ አንዷ