የምን ሩብ?

ሚጣዬ፣

ማታ ስገባ ተኝተሽ ነበር። ደብተርሽ ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ ነው። አንዱን ጥያቄ ሦስት ጊዜ ሠርተሽ ሦስት ጊዜ ሰርዘሽዋል፤ ወረቀቱ ሊቀደድ ምንም አልቀረውም። ነገ ሌሊት 11 ሰዓት እወጣለሁ፤ ልቀሰቅስሽ ስላልፈለግኩ ጻፍኩልሽ።

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ 24 ልጆች ሜዳ ላይ ይጫወታሉ። 2/3ኛው ሴቶች ናቸው። ከሴቶቹ 1/4ኛው ገመድ ይዘላሉ። ገመድ የሚዘሉት ስንት ናቸው?

አንቺ 6 ብለሻል። 24ን ለ4 አካፍለሽ ነው አይደል? ማካፈሉስ ልክ ነው። ግን ሩቡን ያነሳሽው ከሁሉም ልጆች ላይ ነው፤ ወንዶቹም አብረው ገመድ ዘለሉልሽ ማለት ነው!

እስቲ ደብተሩን ተይውና ብሎካችን ሥር የሚጫወቱትን ልጆች አስቢ። 24 ይሁኑ። ሦስት ቦታ እኩል አሰልፊያቸው፤ በየሰልፉ 8 ይደርሳል። ሁለቱ ሰልፍ ሴቶች ናቸው፣ 16። አሁን ወንዶቹን ኳሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ በያቸው። ከዚህ በኋላ 24ን እርሺው። ፊትሽ የቆሙት 16 ናቸው፤ የ16 ሩብ 4።

ስለዚህ ክፍልፋይ ስታዪ መጀመሪያ "የምን?" በይ። እኔ ይህን የለመድኩት ታክሲ ላይ ነው። ከቱሉ ዲምቱ 12 ሰው ጭኜ ስነሳ ሲሶው ቃሊቲ ከወረደ 8 ይቀራል። ከቀሩት ግማሹ ሳሪስ ቢወርድ 4 ነው እንጂ 6 አይደለም።

ሲሶ ያልኩሽ 1/3ኛን ነው። የአያትሽ ቃል ነው፤ ሩብንም እርቦ ይሉታል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት የሰው መሬት እያረሱ ለባለመሬቱ ሲሶ ይሰጡ ነበር። ሲሶው የሚሰላው አሥራቱ፣ ማለትም ለግብር የሚሰጠው አንድ አሥረኛ፣ ከመውጣቱ በፊት ካለው እህል ነው ወይስ ከወጣ በኋላ ከቀረው? ጭቅጭቁ ሁሉ እዚያ ላይ ነበር ይሉኛል። ያንቺም ጥያቄ ያው ነው።

ደግሞ መልስሽ አምስት ልጅ ተኩል ከመጣ እንደገና ሥሪው። ተኩል ልጅ የለም።

ቁጥር 7ን አላየሁትም፣ እንቅልፌ መጣ። ዳቦው ጨርቁ ሥር ነው። ግማሹ የወንድምሽ ነው። የሙሉው ግማሽ እንጂ አንቺ በልተሽ ከተረፈው አይደለም።

አባትሽ