ደጀ ሰላም መድረስ ያቃታቸውን ማን ይጠይቃቸዋል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ የነቢያትን ጾም ይዘናል። ስለ ጾም በሚሰበክበት ዐውደ ምሕረት ከማይቀሩት ምዕራፎች አንዱ ትንቢተ ኢሳይያስ 58 ነው፤ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቍረስ፣ ማደሪያ ያጣውን ድሃ ወደ ቤት ማስገባት፣ የተራቆተውን ማልበስ እንደሆነ ይናገራል። ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ብኖርም የከበደኝ ግን ባለፈው ክረምት ማኅበራችን ባደረገው፣ ይልቁንም ባላደረገው ነገር ካፈርኩ በኋላ ስለሆነ፣ ሌሎችም ቢያስቡበት ብዬ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

በየወሩ በ12 የምንሰበሰብበት የሚካኤል ጽዋ ማኅበር አለን። በቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ሁልጊዜ የሚቀመጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ ዝክራችንን ከሚቀምሱት ነዳያን አንዷ ስለነበሩ ሁላችንም በመልክ እናውቃቸዋለን፤ ስማቸውን የሚያውቅ ግን ከመካከላችን አልነበረም። ሰኔ ላይ ቦታቸው ባዶ ሆነ። ገሚሶቻችን ወደ አገራቸው ገብተው ይሆናል አልን፤ ገሚሶቻችን «ነፍሳቸውን ይማር» ብለን ነገሩን ዘጋነው። በፍልሰታ ሱባዔ ሰሞን ግን አንዲት የሰፈር ልጅ መጥታ የነገረችን ሌላ ነው፤ እናታችን ከአጥሩ 300 እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከወገባቸው በታች አልታዘዝ ብሏቸው፣ ጀርባቸውም በመኝታ ብዛት ቆስሎ ወድቀው ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ለመሳለም ስንመላለስ በደጃቸው አልፈናል።

ለመሆኑ ምጽዋታችን እግር ላለው ድሃ ብቻ ነውን? በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ላይ ጌታ «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» ሲል የታመመው እስኪመጣ መጠበቅን ሳይሆን ወዳለበት መሄድን ነው የሚናገረው። የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት መበለቶች በየዕለቱ እርዳታ ተዘነጉ የሚል ማጉረምረም በተነሣ ጊዜም ሐዋርያት ቅሬታውን እንደ ተራ ሐሜት አልናቁትም፤ ለዚሁ ሥራ የሚሆኑ፣ በመልካም የተመሰከረላቸው ሰባት ሰዎች አስመረጡ፤ ቅዱስ እስጢፋኖስ ከእነርሱ አንዱ ነው። የዲቁና መነሻው ይህ መሆኑን በዓሉን ስናከብር ብዙ ጊዜ የምናስታውስ አይመስለኝም።

ሥራው እንደ ስብከቱ ቀላል አልሆነልንም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መጥታ ሕመምተኛዋን በየሁለት ሰዓቱ ጎናቸውን እያቀያየርን ማስተኛት እንዳለብን፣ ገላቸውን አጥበን እንዴት እንደምናደርቅና ቁስሉን ከእርጥበት እንዴት እንደምንጠብቅ አሳየችን፤ ሃያ አራት አባላትም ተራ ተመደብን። በመጀመሪያው ቀን ሽታውን መቋቋም አቅቶኝ ወደ ውጭ የሮጥኩት እኔ ነኝና፣ «ገንዘብ ላዋጣ እንጂ ይህንስ አልችልም» ብለው ከተራው የወጡትን ለመውቀስ አልደፍርም፤ የዳይፐሩና የሳሙናው ወጪ የሚሸፈነውም እነርሱ በሚያዋጡት ነው። ያስቸገረን ይልቅ በሁለተኛው ሳምንት ስልኩን አውጥቶ ፎቶግራፍ ላንሳ ያለው ወንድማችን ነበር። እናታችን ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ፤ እርሱም ስልኩን መለሰ።

ወጪውን ለመሸፈን የዝክሩ ድግስ ይቀነስ በተባለ ጊዜ አንድ አባታችን ዝክር ከድሃ ጋር መብላት ነው፣ የአባቶች ሥርዓት አይነካ ብለው ተቃወሙ። እውነት አላቸው። ስለዚህ ዳቦውንና ጠላውን አልነካንም፤ የቀረው ከሠርግ ድግስ ጋር መፎካከር ሲያምረን የጨመርነው ሥጋና የጠርሙስ መጠጥ ነው።

ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወሎ ሄደው በረሃብ ከወደቀው ሕዝብ መካከል ሁለት ሕፃናት ይዘው ሲመለሱ፣ በኋላ በስማቸው የሚጠራውን ትልቅ ድርጅት የማቋቋም ዕቅድ አልነበራቸውም፤ ሕፃናቱን ትቶ ማለፍ ስላልሆነላቸው ነው። ከእኛም የሚጠበቀው ድርጅት ማቋቋም አይመስለኝም። ዕድሮቻችን የአባላቱን ስም፣ የቀብሩን ደንብ፣ የድንኳኑንና የወንበሩን ቍጥር ሳይቀር መዝግበው ይይዛሉ፤ በየሰፈሩ አልጋ ላይ የዋለውን ሰው በዚያው መዝገብ ለማስፈር አንድ ገጽ ቢጨምሩ፣ የየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤም ያንን ዝርዝር ተቀብሎ ለጽዋ ማኅበራትና ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ቢያከፋፍል ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ይህ ለኦርቶዶክሳውያን ብቻ የተጻፈ እንዳይመስል፣ በሰፈራችን ያሉት የወንጌላውያን አማኞች ጉዳዩን ሲሰሙ ፍራሽ ይዘው መምጣታቸውንም መመስከር ይገባኛል።

ለዝግጅት ክፍሉ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። እኛ ቁስል ማጽዳትን የተማርነው በአንዲት ባለሙያ በጎ ፈቃድ ነው፤ የጤና ዓምዳችሁ የአልጋ ቁራኛ የሆነን ሰው በቤት ውስጥ እንዴት መንከባከብ እንደሚቻል ሐኪም ጠይቆ ቢያስነብበን፣ ገጹን ቆርጠን በእናታችን ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ከተራ መመደቢያው አጠገብ እንለጥፈዋለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጽዋ ማኅበር አባል፣ ከአዲስ አበባ