የጂኦግራፊ ክበብ ዘገባ፦ በብርድ ወር በአይስላንድ መንገድ ላይ

«በረዶ ለማየት እዚህ ለንደን አይበቃም ወይ?» ያሉን ወላጆች ጥቂት አልነበሩም። ጉዞው ሽርሽር አልነበረም፤ ዓመቱን ሙሉ በወረቀት ያየነውን በዓይን ማየት ነበር። ገንዘቡም ቢሆን ልጆቹና እናቶቻቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ሳምቡሳና ቡና ሸጠው ያጠራቀሙት ነው።

ስለ ስብሰባዎቻችን ብዙ አልልም። ካርታ ማንበብ፣ የድንጋይ ዓይነቶች፣ ስምጥ ሸለቆ፤ የታወቀው ነው። በመጀመሪያው ተርም ተማሪ ሸሽቶን ነበር፤ የጉዞው ወሬ ሲሰማ ተመለሱ።

በሃልፍ ተርም ዕረፍት፣ ጎማቸው ምስማር በተተከለበት ሁለት ሚኒባስ፣ ገና ሳይነጋ ከሬይኪያቪክ ተነሳን። አከራዮቹ «በሩን በሁለት እጅ ያዙ፣ ንፋሱ ይገነጥለዋል» ሲሉ ልጆቹ ሳቁ። መጀመሪያ የቆምንበት ቦታ ላይ ግን የሳቀ አልነበረም።

ቲንግቬሊር ደረስን። አይስላንዳውያን እ.ኤ.አ. ከ930 ጀምሮ እስከ 1798 ድረስ አልቲንግ የሚሉትን ሸንጎ የተቀመጡት እዚህ ነው። ክርስትናን ለመቀበል የተስማሙት፣ በ1944ም ሪፐብሊካቸውን ያወጁት እዚሁ ነው። ቦታው ደግሞ የሰሜን አሜሪካና የዩሬዥያ ፕሌቶች፣ ማለትም የምድር ቅርፊት ግዙፍ ቁራጮች፣ የሚለያዩበት ስምጥ ነው።

አልማናግያው በሚባለው ስንጥቅ ውስጥ፣ ግራና ቀኝ ጥቁር የድንጋይ ግድግዳ፣ ከእግራችን ሥር በረዶ። አስጎብኚያችን መሬቱ በዓመት ወደ 2 ሴንቲ ሜትር እንደሚራራቅ በኩራት ሲነግረን፣ ዓመቱን ሙሉ ስሟ ሲጠራ «አቤት» ከማለት በቀር ድምፅዋን ያልሰማነው ልጅ እጇን አወጣች። «የእኛ አገር 8 ሜትር ነው» አለች።

አባቷ በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ከዳባሁ እሳተ ገሞራ አመድ የሸሹ አርብቶ አደሮችን መንገድ ላይ አግኝተዋል። መሬቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰንጥቆ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ሁሉንም ሳትቸኩል ተናገረች። አስጎብኚው ጓንቱን አውልቆ ስልኩን አወጣ፤ ዳባሁን ፊደል በፊደል አስጻፈችው። እኔም ለማብራራት ያዘጋጀሁትን ወረቀት አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ከዚያ ወዲያ ያየነው ብዙ ነው። በየ5 እና 10 ደቂቃው ፍል ውኃ የሚተፋው ስትሮኩር፣ 32 ሜትር የሚወርደው የጉልፎስ ፏፏቴ፣ 60 ሜትር የሚሆነው የስኮጋፎስ ፏፏቴ። የማደሪያችን ሙቅ ውኃ ከመሬት ሥር የሚመጣ ነውና ድኝ ድኝ ይሸታል፤ ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው ታጠቡ። ኢትዮጵያውያን የጂኦተርማል (የከርሰ ምድር ሙቀት ኃይል) ባለሙያዎች ለዓመታት እዚያው አይስላንድ ሲሠለጥኑ እንደኖሩ የነገርኳቸውም ያኔ ነው።

ያልተሳካልንም አለ። ቪክ የምትባል መንደር ላይ በንፋስ ምክንያት መንገድ ተዘጋ፤ ዮኩልሳርሎን የሚባለውን የበረዶ ግግር ሐይቅ ሳናይ ተመለስን። ከጫማ ሥር የሚታሰረው የብረት ጥርስም የበቃው ለግማሾቹ ብቻ ስለነበር ልጆቹ ጉልፎስ ላይ በፈረቃ ወረዱ። ለዓመት በዓል ድግስ የማይጠፋ ገንዘብ ለዚህ እንዴት እንደሚጠፋ አይገባኝም።

የልጅቷ አባት የዳባሁን ነገር ለክበቡ ሊያወሩልን ፈቅደዋል፤ ፎቶም አላቸው። ፕሮጀክተራችን ግን ከተበላሸ ቆይቷል። የሚያውሰን ወይም የሚገዛልን ወላጅ ካለ ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ያነጋግረኝ።