ለልጄ፦ ትተሽልን ስለሄድሽው ደብተር

ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ውድ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከግንቦት ሙቀት በቀር የሚያስቸግረን ነገር የለም። ለፋሲካ መጥተሽ ስትመለሺ እንድናነበው የተውሽልንን ደብተር እኔና እናትሽ ተራ በተራ አንብበን ጨርሰነዋል።

ስለ ዶርማችሁ፣ ስለ ካፌው ሰልፍ፣ ውኃ በእኩለ ሌሊት ሲመጣ ባልዲ ይዛችሁ ስለምትሯሯጡት የጻፍሽው እናትሽን ደጋግሞ አስቋታል። የአገርና የዓለም ጉዳይ ላይ ስትደርሺ ግን አጻጻፍሽ ይለወጥና ዜና አንባቢ የምትናገር ይመስላል። ስለ ብር ምንዛሪ ሁለት ሙሉ ገጽ ጽፈሻል፤ በሁለቱም ገጾች ውስጥ ግን አንድም የተገዛ ወይም የተሸጠ ዕቃ አላገኘሁም።

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪውን ተመን ለገበያ ሲተወው፣ 58 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በዚያው ዕለት ወደ 75 ብር ተጠግቶ፣ ብዙም ሳይቆይ ከመቶ ማለፉን በትክክል መዝግበሻል። ያን ሰሞን ግን እናትሽ ታይዋን ገበያ ባለው ሱቋ ውስጥ ተቀምጣ፣ ሽቲ ቀሚሱን በቀድሞው ዋጋ ብትሸጠው በምትኩ ሌላ ማምጣት እንደማትችል፣ ዋጋ ብትጨምር ደግሞ የዓመታት ደንበኞቿ እንደሚቀየሟት እያሰበች፣ የመጣውን ሁሉ «ነገ ተመለሺ» እያለች ትሸኝ ነበር። አንቺም በክረምቱ ዕረፍት አጠገቧ ነበርሽ፤ ይህን ሁሉ በዓይንሽ አይተሽ ሳለ የጻፍሽው ከስልክሽ ያነበብሽውን ነው።

የቀይ ባሕሩም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የየመን ሁቲዎች በመርከቦች ላይ በከፈቱት ጥቃት ምክንያት ብዙ የመርከብ ድርጅቶች የስዊዝን መስመር ትተው አፍሪካን በደቡብ ጫፏ መዞራቸውን እንደ ሩቅ አገር ወሬ አድርገሽ አልፈሽዋል። የአገራችን የገቢ ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል የሚገባ በመሆኑ፣ የመርከብ ኪራይ በተወደደ ቁጥር ዕዳው እዚህ ይደርሳል። ድሬዳዋ ራሷ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ በመድረሱ ነው፤ በምድር ባቡር ጥገና ክፍል እሠራ በነበረበት ዘመን ወደቡ ላይ ምን እንደተፈጠረ ከሬዲዮ ቀድመው የሚነግሩን ባቡር ነጂዎች ነበሩ። (እናትሽ ይህን ስትሰማ «ደግሞ ባቡሩን አነሣህ!» ማለቷ አይቀርም።)

በአንድ ቦታ ላይ ለጉዳዩ በጣም ተቃርበሽ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመደበው ገንዘብ ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ማለቱን ጽፈሽ፣ በሚቀጥለው ገጽ ደግሞ ስለ ካፌው ሰልፍ ታወሪያለሽ፤ ሁለቱን ግን አላገናኘሻቸውም። ወጡ ተለወጠ ወይስ ያው ነው? እንጀራው ጨመረ? በየሳምንቱ ከግቢ ውጭ ትበላ የነበረችው ጓደኛሽ ወደ ካፌ ተመለሰች? ይህን ከአንቺና ከጓደኞችሽ በቀር ሊነግረን የሚችል ሰው የለም፤ የምኒስትሩን መግለጫ ግን እኔም በቴሌቪዥን ሰምቼዋለሁ።

ሌላው የማሳስብሽ ነገር ገጾቹ ቀን የላቸውም። የደቻቱ ወንዝ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲገድል አንቺ ገና ሕፃን ነበርሽ፤ ዛሬ ስለዚያ ሌሊት ጎረቤቶቻችን ሲያወሩ በሰዓቱ እንኳ አይስማሙም፤ በጊዜው የጻፈ ሰው በሰፈራችን አልነበረምና።

የወሩን ወጪ ሰኞ በቴሌብር እልክልሻለሁ። ባለፈው በላክሽው ሒሳብ ውስጥ የሳሙናው ዋጋ ትንሽ አጠራጥሮኛል፤ እውነት ከሆነ ግን እሱንም ከነቀኑ ደብተሩ ላይ አስፍሪው።

አባትሽ