የፓምፒንግ ቴስት ሪፖርታችሁ እንዲስተካከልልን የቀረበ ቅሬታ

ለቁፋሮና ፓምፒንግ ቴስት ድርጅቱ ቴክኒክ ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። የጉድጓዱን ባለቤቶች ወክዬ ነው የምጽፍላችሁ። የላካችሁትን የፓምፒንግ ቴስት (ከጉድጓዱ ውሃ እየሳቡ ደረጃው እንዴት እንደሚወርድ የመለካት ሙከራ) ሪፖርት ከነዳታ ሺቱ ቁጭ ብዬ አየሁት፣ እና እውነቱን ለመናገር በጣም ነው ያዘንኩት፣ ምክንያቱም ልጆቻችሁ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኙ 24 ሰዓት የለኩት ዳታ ብዙ ነገር እየተናገረ ሪፖርቱን የጻፈው ሰው ግን ግማሹን እንዳላየ አልፎታል።

ዋናው ቅሬታዬ ግራፉ ላይ ነው። በሴሚ ሎግ (ጊዜውን በሎግ ስኬል አድርጋችሁ) ያወጣችሁት የድሮውዳውን፣ ማለትም ውሃው ከመነሻው ምን ያህል እንደወረደ የሚያሳየው፣ ግራፍ ላይ ከ10 እስከ 100 ደቂቃ ባለው ቦታ መስመር አስምራችሁ በአንድ ሎግ ሳይክል (ጊዜው አስር እጥፍ በሆነ ቁጥር) 1.6 ሜትር አገኛችሁ፣ ዲስቻርጁ (ፓምፑ የሚስበው የውሃ መጠን) በሰከንድ 5 ሊትር ማለትም በቀን 432 ሜትር ኩብ ስለሆነ በኩፐር ጃኮብ ዘዴ 0.183 በ432 ተባዝቶ ለ1.6 ሲካፈል ትራንስሚሲቪቲው (ውሃ አዘሉ ንብርብር ውሃ የማሳለፍ አቅሙ) በቀን 49 ሜትር ካሬ ገደማ ይመጣል። እስከዚህ ሂሳቡ ልክ ነው፣ በዚህ አልከራከርም። ግን ከ200 ደቂቃ በኋላ ያሉት ነጥቦች በሙሉ ከመስመራችሁ በታች ናቸው እኮ! እስከ 1440ኛው ደቂቃ ድረስ የራሳቸውን ቀጥ ያለ መስመር ሰርተው ነው የሚወርዱት፣ ስሎፑም (የመስመሩ ቁልቁለት) በአንድ ሳይክል 3.2 ሜትር ነው፣ ልክ እጥፍ። ስለዚህ ነገር ሪፖርቱ ውስጥ አንድ ቃል የለም።

ስሎፕ እጥፍ ሲሆን ምን ሊሆን እንደሚችል እናንተ አታውቁም ብዬ አላስብም። ቴይስ እ.ኤ.አ. በ1935 ድሮውዳውንን ለማስላት ያወጣው ቀመርም ሆነ ኩፐርና ጃኮብ እ.ኤ.አ. በ1946 ያቀለሉት ውሃ አዘሉ ንብርብር በየአቅጣጫው ማለቂያ የለውም ብሎ ነው የሚነሳው፣ በተግባር ግን የሆነ ቦታ ላይ ፎልት (አለቱ ተሰንጥቆ የተንሸራተተበት ቦታ) ወይ ውሃ የማያሳልፍ አለት ይገጥመዋል፣ ድሮውዳውኑ እዛ ሲደርስ ከዛ ወገን የሚመጣ ውሃ ስለሌለ የውሃው ደረጃ በእጥፍ ፍጥነት መውረድ ይጀምራል። ይሄ ከሆነ 49 የሚለው ቁጥር ራሱ ለንብርብሩ ትክክል ሊሆን ይችላል፣ እኔም ቁጥሩ የግድ ስህተት ነው አላልኩም። ችግሩ ወደፊት ጉድጓዱ የሚወርደው በመጀመሪያው መስመር ሳይሆን በሁለተኛው መሆኑ ነው፣ እናንተ ግን ፓምፑ የሚቀመጥበትን ጥልቀት የወሰናችሁት በመጀመሪያው ነው። ቴስቱ ካለቀበት ከ1 ቀን ተነስተን እስከ 1 ዓመት ብንሄድ 2.56 ሎግ ሳይክል ነው፣ ፓምፑ ያለማቋረጥ ቢሰራ በእናንተ ስሎፕ ተጨማሪ 4.1 ሜትር ይወርዳል፣ በዳታው ስሎፕ ግን 8.2 ሜትር። አራት ሜትር ቀላል ነገር አይደለም፣ ፓምፑ አየር ስቦ የሚቃጠለው በዚህ ልዩነት ነው፣ ያኔ ደግሞ ጉድጓዱ ደረቀ ተብሎ ይወራል።

የዲስቻርጁ ነገር ደሞ አለ። ሺቱ ላይ መጀመሪያ አንዴ ተለክቶ ከዛ እስከመጨረሻው "ቋሚ" ተብሎ ነው የተጻፈው። ቫልቩን እየነካካ የሚያስተካክል ሰው ከሌለ ውሃው በወረደ ቁጥር ፓምፑ የሚሰጠው መጠን ይቀንሳል፣ ይሄ የታወቀ ነው። እና ዲስቻርጁ ቀንሶ ቢሆን ኖሮ ግራፉ መለስ ማለት ነበረበት እንጂ መባስ አልነበረበትም፣ ስለዚህ "ዲስቻርጁ ተለዋውጦ ይሆናል" የሚል መልስ ከላካችሁልኝ ጭራሽ የእኔን ስጋት ነው የሚያጠናክረው።

ይሄን ሁሉ ሊያጣራ የሚችለው ሪከቨሪው፣ ማለትም ውሃው ተመልሶ ሲወጣ የሚወሰደው ልኬት፣ ነበር። ፓምፑ ከጠፋ በኋላ የዲስቻርጅ መዋዠቅ ስለማይረብሸው ከሁሉም ንጹህ የሆነው ዳታ እሱ ነው፣ ቀሪውን ድሮውዳውን ፓምፑ ከተነሳ ጀምሮ ያለው ጊዜ ከጠፋ ወዲህ ላለው ጊዜ ተካፍሎ በሎግ ስኬል ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ልጆቻችሁ ለክተውታል፣ ሠንጠረዡ አባሪ ላይ አለ፣ ግን ግራፍ እንኳን አልወጣለትም። ለምን? ሁለተኛው ስሎፕ እዛም ይታያል ወይ፣ ውሃው ወደ መነሻው ይመለሳል ወይስ ሳይደርስ ይቆማል የሚለው እኮ ለእኛ የጉድጓዱ እድሜ ጥያቄ ነው።

ስቶራቲቪቲውን (የውሃው ደረጃ ሲወርድ ንብርብሩ ምን ያህል ውሃ እንደሚለቅ የሚያሳየውን ቁጥር) በተመለከተ ደግሞ ከነጥቡ በኋላ ስምንት ዜሮ ያለው ቁጥር ነው የሰጣችሁን። ከላዩ በወፍራም ሸክላ የታፈነ ንብርብር ላይ የሚጠበቀው ከ0.00005 እስከ 0.005 አካባቢ ነው። የእናንተው ቁጥር እንደዛ የወረደው ከሚሳበው ጉድጓድ ከራሱ ስላሰላችሁት ነው፣ እዛ ውስጥ ውሃው በስክሪኑ (በማጣሪያ ቱቦው) ሲገባ የሚጠፋው ከፍታ፣ ማለትም ዌል ሎስ፣ አብሮ ይቆጠራል፣ በእኛ ስሎፕ 1.6 ሜትር ዌል ሎስ ብቻ ስቶራቲቪቲውን አስር ጊዜ ያሳንሰዋል። ስሎፑን ስለማይነካው ትራንስሚሲቪቲው ከዚህ ይተርፋል፣ ስቶራቲቪቲው ግን አይተርፍም። ውላችን ላይ አጠገቡ ያለው የድሮው ጉድጓድ እንደ ኦብዘርቬሽን ዌል (ውሃ ሳይሳብበት ደረጃው ብቻ እንደሚለካ ጉድጓድ) ይለካል ይላል፣ አልተለካም፣ ለምን እንዳልተለካም አልተጻፈም። በዚህ በጣም ነው የተናደድኩት፣ ምክንያቱም ሌላው በቢሮ ይስተካከላል፣ ይሄ ግን ያመለጠ ልኬት ነው።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይሄ ነው፦ የድሮውዳውኑንና የሪከቨሪውን ጥሬ ዳታ በኤክሴል ላኩልን፣ ሁለቱም ስሎፖች የታዩበትና የሪከቨሪ ትንተና ያለበት የተስተካከለ ሪፖርት በሃይድሮጂኦሎጂስት ተፈርሞ ይምጣ፣ ያቺ ስቶራቲቪቲ ከሪፖርቱ ትውጣ፣ የፓምፑ ጥልቀትና የሚፈቀደው ዲስቻርጅ በሁለተኛው ስሎፕ እንደገና ይሰላ። ኦብዘርቬሽን ዌሉን በተመለከተ ውሉ ግዴታውን በእናንተ ላይ ስለጣለ በራሳችሁ ወጪ ቴስቱን የምትደግሙበትን ቀን አሳውቁን። የተስተካከለው ሪፖርት እጃችን እስኪገባ ፓምፑን አናስገባም፣ ቀሪውን ክፍያም አንለቅም። መልሳችሁን በስልክ ሳይሆን በጽሁፍ ነው የምንጠብቀው።

ከአክብሮት ጋር
የጉድጓዱ ባለቤቶች ተወካይ