ገለልተኛ አገር አተረፈ ስትሉ ማን ነው ያተረፈው?

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ገለልተኛ አገር ከሰው ጦርነት ያተርፋል የሚለውን ፅሁፋችሁን እዚህ ጅማ ሆኜ አነበብኩት፣ ግማሹ ልክ ነው ግን ማን እንዳተረፈ ዘላችሁታል። ስፔንን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ እኔ የለሁበትም አለች፣ ከዛ የካታሎኒያ ፋብሪካዎች ለፈረንሳይ ጦር ጨርቅና ብርድ ልብስ ሲሸጡ፣ የባስክ ባለመርከቦች በጭነት ኪራይ ሲከብሩ፣ የአስቱሪያስ ከሰል ሲፈለግ፣ እህሉም ወደ ውጭ ሲሄድ ደሞዝተኛው ዳቦ መግዛት አቃተው፣ ደሞዙ ትንሽ ቢጨመርም ዋጋው ቀድሞት ነበር። በ1917 አገር አቀፍ አድማ ሆነ፣ መንግስት ወታደር አውጥቶ በተነው፣ ሰውም ሞተ። በ1919 ግን ባርሴሎና ላይ የመብራት ሰራተኞች አድማ መትተው ከተማዋ ከጨለመች በኋላ የ8 ሰዓት የስራ ቀን በህግ ወጣ። (የ1918ቱ ኢንፍሉዌንዛ እንኳን በስሟ የቀረው ጋዜጦቿ እንደ ተዋጊዎቹ ሳንሱር ስላልነበረባቸው በግልፅ ስለፃፉ ነው፣ ይሄም የገለልተኝነት ትርፍ ከተባለ!)

እኛም በ2014 ዓ.ም. ሩሲያ ዩክሬን ስትገባ በተመድ የየካቲት 23ቱ ድምፅ አሰጣጥ ላይ አልነበርንም፣ ዘይቱና ማዳበሪያው ግን አልማረንም፣ ሂርማታ ገበያ ወጥቶ የተመለሰ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ በቀጣዩ ስትፅፉ የላኪውን ዶላር ብቻ ሳይሆን የአስተማሪውን የወር አስቤዛም አስገቡልን።

አንባቢያችሁ ከጅማ