በሎጎ ሐይቅ ዳርቻ ስለሚደረገው የቤተሰብ የእግር ጉዞ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ደሴ
ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ቅዳሜ ጥር 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ከሦስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎቻችን ወደ ሐይቅ ከተማ ተጉዘው በሎጎ ሐይቅ ዳርቻ የእግር ጉዞ ያደርጋሉ። በዚህ ጉዞ ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር ከቤተሰቡ ቢያንስ አንድ አዋቂ ሰው አብሮ እንዲመጣ ስለምንፈልግ፣ ምክንያታችንንና የጉዞውን ሁኔታ በዝርዝር ላስረዳችሁ ወድጃለሁ።

ቀኑ የተመረጠው ታስቦበት ነው። የጥምቀት በዓል ካለፈ በኋላ፣ ጾመ ነነዌም ሆነ የረመዳን ጾም ከመግባቱ በፊት የሚውል ቅዳሜ በመሆኑ፣ ጾም ይዞ በፀሐይ የሚጓዝ ልጅም ሆነ ወላጅ አይኖርም። የመኸሩ እህል በአብዛኛው ተሰብስቦ የሚያልቅበት፣ የበልጉ ዝናብ ገና ያልጀመረበት ወቅት ስለሆነ መንገዱ ደረቅ ነው፤ ጠዋቱም ብርዳም ቢሆን ቀኑ ለእግር ጉዞ የተመቸ ነው።

የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች በጂኦግራፊ ትምህርታቸው ስለ በረሃ ሐይቆች ከተማሩ በኋላ ወደ አፍዴራ እንዲወሰዱ ጠይቀዋል፤ አንዳንድ ወላጆችም ይህንኑ ሐሳብ ደግፋችሁ ጽፋችሁልናል። ጥያቄው የሚያስደስት ነው፤ ልጅ በመጽሐፍ ያነበበውን በዓይኑ ለማየት ሲጓጓ ማየት ለእኛ ለመምህራን ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም አፍዴራ ከባሕር ጠለል በታች 100 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኝ፣ ጥላ የሌለው ሜዳ የከበበው የጨው ሐይቅ ነው። ወደዚያ ለመድረስ ኮምቦልቻን፣ ባቲን፣ ሚሌንና ሰመራን አልፎ ወደ ሰሜን ረጅም መንገድ መጓዝ ያስፈልጋል። ውኃው የማይጠጣ በመሆኑ ለመቶዎች ሰዎች የሚበቃውን የመጠጥ ውኃ ሁሉ ጭኖ መሄድ ግድ ነው። በዚያው በዳናኪል ዝቅተኛ ምድር በሚገኘው ዳሎል እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 የተመዘገበው ዓመታዊ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መሆኑን ስናስብ፣ ጥር የሙቀቱ መለስተኛ ወቅት ቢሆንም እንኳ የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጆችን በእግር ለማስኬድ የሚያስደፍር አይደለም። በደጋ አየር ያደገ የደሴ ልጅ እንዲህ ያለውን ሙቀት አልለመደም።

ይህ ማለት ግን ትምህርቱ ይቀራል ማለት አይደለም። ሎጎ ሐይቅም እንደ በረሃዎቹ ሐይቆች ወደ ባሕር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ከአርዲቦ ሐይቅና ከዙሪያው ተራሮች የሚወርደው ውኃ ወደ እርሱ ይገባል እንጂ ከእርሱ ተነሥቶ የሚፈስ ወንዝ የለም። ይሁን እንጂ አፍዴራ ጨው የሚመረትበት ሲሆን ሎጎ ሐይቅ ጨዋማ ያልሆነ፣ ዓሣ የሚጠመድበት ሐይቅ ነው። ለምን እንዲህ እንደሆነ መምህራኖቻችን በሐይቁ ዳር ቆመው ከልጆቹ ጋር ይወያያሉ፤ የዝናቡን መጠን፣ የፀሐዩን ትነት፣ የአፈሩንና የዓለቱን ዓይነት እያነጻጸሩ መልሱን ራሳቸው እንዲደርሱበት ያግዟቸዋል።

በዚህ አጋጣሚ ልጆቻችን ሁሉ ሊያውቁት የሚገባ የሚመስለኝን አንድ ነገር ልጨምር። በከተማችን አጠገብ የሚወርደው የቦርከና ወንዝ ኮምቦልቻንና ከሚሴን አልፎ ከአዋሽ ጋር ይቀላቀላል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር፣ በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ስለዚህ የበረሃው ሐይቅ ከእኛ የራቀ ነገር አይደለም፤ በደሴ ላይ የዘነበው ዝናብ ከፊሉ መጨረሻው እዚያ ነው፤ እግረ መንገዱንም በአዋሽ ዳር ለሚኖረው አርብቶ አደርና ለከብቱ መጠጥ ሆኖ ያልፋል። ወደ ቦርከና የሚጣለው ላስቲክና ቆሻሻ የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ልጆቹ ከዚህ እንዲረዱ እፈልጋለሁ። በቤታችሁም ብታነሡላቸው ከእኛ ይልቅ ከእናንተ ሲሰሙት ይበልጥ ይገባቸዋል።

ወደ ጉዞው ልመለስ። ከትምህርት ቤቱ ግቢ የምንነሣው ጠዋት በ1፡00 ሰዓት ነው። ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ ያለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ርቀቱ ትንሽ ቢሆንም ቁልቁለቱ ጠመዝማዛ ስለሆነ መኪና የሚያጥወለውላቸው ልጆች በባዶ ሆድም፣ ከመጠን በላይ በልተውም እንዳይመጡ አደራ እላለሁ። ሐይቁን ሙሉ በሙሉ መዞር ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በመሆኑ ለልጆች አናስበውም። ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ያሉት ደርሶ መልስ ከአራት ኪሎ ሜትር የማይበልጥ፣ ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሉት ደግሞ እስከ ስምንት ኪሎ ሜትር የሚደርስ መንገድ ይጓዛሉ። ሁለቱም ቡድኖች ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከ6፡00 ሰዓት በፊት ጉዟቸውን ጨርሰው በጥላ ሥር ይሰበሰባሉ። ምሳ ከተበላና የዙህር ሶላት የሚሰግዱ ወላጆችና ተማሪዎች ሰግደው ከተመለሱ በኋላ ተነሥተን እስከ 10፡00 ሰዓት ደሴ እንገባለን።

የእግር ጉዞው ፍጥነት የሚወሰነው በትንሹ ልጅ እርምጃ ነው። ልጅ ጉንዳን ለማየት ቢቆም፣ ጠጠር ቢለቅም፣ ቄጠማ ቢቆርጥ አትቸኩሉት፤ የመጣንበት ዋና ጉዳይም ይኸው ነው። ከእናንተ መካከል በተሁለደሬ፣ በአምባሰል፣ በወረባቦና በቃሉ ያደጋችሁ ብዙ ናችሁ፤ የዛፉን፣ የሣሩንና የወፉን ስም ከመምህራን ይበልጥ እናንተ ታውቃላችሁ። አያቶች መምጣት ከቻሉ እጅግ ደስ ይለናል፤ ደክሟቸው መጓዝ ለማይችሉት ከዳርቻው አጠገብ ማረፊያ እናዘጋጃለን። ለመራመድ የሚቸገር ልጅ ያላችሁ ወላጆችም ልጁን ቤት እንዳታስቀሩት፤ አስቀድማችሁ ብትነግሩን መኪና እስከሚደርስበት ድረስ አድርሰነው ከጓደኞቹ ጋር ይውላል።

በሐይቁ ውስጥ በገባው መሬት ላይ የሚገኘውን ጥንታዊውን የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በተመለከተ ብዙ ወላጆች ጠይቃችኋል። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ታላቅ የትምህርት ቦታ ስለሆነ ለሁላችንም፣ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም፣ የሚያኮራ የወሎ ታሪክ ነው። በገዳሙ ሥርዓት መሠረት ሴቶች ወደ ውስጥ አይገቡም። የመጣነው በቤተሰብ ስለሆነ እናትን ከልጇ፣ እኅትንም ከወንድሟ ላለመለየት ስንል በዚህ ጉዞ ወደ ገዳሙ እንዳንገባ ወስነናል፤ ታሪኩን ግን ገዳሙ ከሚታይበት ቦታ ሆነን የታሪክ መምህራችን ያስረዱናል።

አሁን አጥብቄ ወደምነግራችሁ ጉዳይ እመጣለሁ። የሐይቁ ጥልቅ ቦታ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ማንም ልጅ፣ ዋና የሚችልም ቢሆን፣ ወደ ውኃው አይገባም፤ በታንኳም አይሳፈርም። በዳር በኩል እግሩን ነክሮ መጫወትም አይፈቀድም፤ ምክንያቱም በአገራችን በብዙ ሐይቆችና ወንዞች ዳር በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት የሚተላለፈው ቢልሃርዚያ በቆዳ በኩል ስለሚገባ፣ ለጥቂት ደቂቃ እንኳ ውኃ ውስጥ መቆም ለበሽታው ሊያጋልጥ ይችላል። አንድ መምህር በክፍል ውስጥ አርባ ልጅ ማስተማር ይችላል፤ በውኃ ዳር ግን አርባ ልጅ መጠበቅ አይችልም። በየልጁ አንድ አዋቂ ይምጣ ያልነው በዋናነት ለዚህ ነው። በዳርቻው በምንሄድበት ጊዜ አዋቂው በውኃው በኩል፣ ልጁ በመሬቱ በኩል ሆነው ይጓዙ፤ ስልካችሁንም በዚያ ሰዓት በኪሳችሁ እንድታቆዩ በትሕትና እለምናለሁ።

አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ስላለው ነፋሱ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ፀሐዩ ቆዳን ያቃጥላል፤ ልጆች ሙቀቱ ስለማይሰማቸው ራሳቸውን አይሸፍኑም። ባርኔጣ ወይም ሻሽ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ፣ ለጠዋቱ ብርድም ሹራብ አልብሷቸው። ጫማው የተለመደ፣ እግር የማይልጥ ሸራ ይሁን፤ ለጉዞው ተብሎ አዲስ ጫማ አይገዛ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሊትር ተኩል የተፈላ ወይም የታሸገ ውኃ ይያዝ፤ ልጁ ጠማኝ እስኪል ሳትጠብቁ በየጊዜው አጠጡት። ምግቡን በተመለከተ፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር ያለ ሐሳብ እንዲቋደስ ሥጋ ሳይያዝ ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦ፣ ሙዝና የጾም ወጥ ብቻ ቢመጣ ይመረጣል። የአካባቢው ገበሬዎች ማሳ ውስጥ አንገባም፤ የሰው ፎቶግራፍም ሳናስፈቅድ አናነሣም። ይዘን የሄድነውን ላስቲክና ጠርሙስ ሁሉ ለቅመን ይዘን እንመለሳለን።

አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የልብ ሕመም ወይም በነፍሳት ንክሻ የሚባባስ አለርጂ ያለበት ልጅ ካለ፣ መድኃኒቱን ይዛችሁ እንድትመጡና ለክፍል ኃላፊው መምህር አስቀድማችሁ እንድታሳውቁ እጠይቃለሁ። የሚነገረን ነገር ከሚመለከተው መምህር በስተቀር ለማንም አይገለጽም።

ለመጓጓዣ በነፍስ ወከፍ 150 ብር ይከፈላል። ክፍያው የሚከብዳችሁ ወላጆች ወደ ቢሮዬ ብቅ ብትሉ በጸጥታ እንነጋገራለን፤ በገንዘብ ምክንያት የሚቀር ልጅ እንዲኖር አንፈልግም። በሥራ ምክንያት መምጣት የማትችሉም አጎት፣ አክስት፣ ታላቅ ወንድም ወይም እኅት፣ ወይም የምታምኑትን ጎረቤት በእናንተ ምትክ ልትልኩ ትችላላችሁ፤ ዕድሜው ግን ከ18 ዓመት በላይ መሆን አለበት። የመንገዱን ሁኔታ በዋዜማው ከሚመለከታቸው አካላት ጠይቀን፣ የሚያሳስብ ነገር ካለ ጉዞውን ወደ ሌላ ቀን እናስተላልፋለን፤ ይህንንም ዓርብ ከሰዓት በኋላ በስልክ እናሳውቃችኋለን።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተያያዘውን የፈቃድ ቅጽ ሞልታችሁና ፈርማችሁ እስከ ዓርብ ጥር 15 ቀን ድረስ በልጆቻችሁ በኩል እንድትልኩልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። አብሮ የሚመጣው አዋቂ ስምና ስልክ ቁጥር በቅጹ ላይ ካልተሞላ የልጁን ስም በተጓዦች ዝርዝር ውስጥ ማስገባት አንችልም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር